የተፋቀ ጽሑፍና የተከደነ ጽሑፍ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ እውነት መሆኑን የማይመሰክር ሰው የለም። ነገር ግን በመጽሐፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው የጻፈው እጅ እንደ ጻፈው ሲቈይ ነው። ኋላ የመጣ እጅ ያልወደደውን ቃል አውጥቶ የጣለበት እንደ ሆነ፥ ወራሹ የሚረከበው የአባቱን ቃል መሆኑ ቀርቶ የሌላውን ሰው ፈቃድ ይሆናል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር ይኸው ነው፤ ይኸውም ከሰነድ ላይ ቃል ስለ መሰወርና፥ ቃል የተሰወረበት ሰነድ በቋንቋችን በምን ስም ሊጠራ እንደሚገባው ነው።

በአሁኑ ዘመን ከውጭ አገር መንግሥታት መዛግብት ወጥተው ለሕዝብ በሚገለጡ ወረቀቶች ላይ፥ ግማሹ መስመር ሲነበብ ግማሹ በጥቁር ቀለም ተደፍኖ የሚታይ መሆኑን ብዙ ሰው በቴሌቪዥንና በእጅ ስልኩ አይቶታል። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ወረቀት «ሪዳክትድ» ይሉታል። የእኛ ሰዎች ስሙን ሲጠየቁ ግን አንዱ «ሳንሱር የተደረገ» ይላል፤ አንዱ «የተሰረዘ» ይላል፤ ሌላው «የተደለዘ» ይላል፤ አራተኛው ደግሞ የእንግሊዙን ቃል እንዳለ ያመጣዋል። ለአንድ ነገር አራት ስም መኖሩ ባልከፋም ነበር። የከፋው እነዚህ ቃላት ልዩ ልዩ ሥራን የሚያመለክቱ ሲሆኑ እንደ አንድ መቈጠራቸው ነው። ንጹሑና በደለኛው በአንድ ስም ተጠርተው ከአንድ ዳኛ ፊት የቆሙ እንደ ሆነ፥ በደለኛው በንጹሑ ጥላ ይሸሸጋልና።

አስቀድመን ከባሕር ማዶ የመጡትን ሁለት ቃላት እንመርምር። «ሳንሱር» የተባለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ሲሆን፥ ሥሩ በጥንታዊት ሮም ከነበረ ሹመት ነው። ያ ሹም ሥራው የሕዝቡን ቍጥርና ሀብት መመዝገብ፥ ከዚያም ጋራ የሕዝቡን ምግባር መጠበቅ ነበረ። እንግዲህ ቆጣሪው ውሎ አድሮ ተቈጣጣሪ ሆነ ማለት ነው። «ሪዳክትድ» የተባለውም ከላቲን የወጣ ነው፤ የቀድሞ ፍችውም የተበተነውን መሰብሰብ፥ ጽሑፍን በሥርዓት ማዘጋጀት ነበረ። ፈረንሳዮች ዛሬም የጋዜጣ አዘጋጅን «ሬዳክተር» ብለው የሚጠሩት ስለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያው ቃል ከጊዜ በኋላ ዞሮ በጥቁር ቀለም መድፈን ማለት ሆነ። በአንድ ቃል ውስጥ አዘጋጁና ደፋኙ አብረው ማደራቸውን ስናይ፥ እኛ በአዘጋጅነት እንጀራ የምንበላ ሰዎች ጥቂት ልንደነግጥና ራሳችንን ልንመረምር ይገባናል።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን ቃላት እንመለስ። የእኛ ቃላት የተወለዱት ከብራናው ላይ ነው። ራስ ጉግሣ የመሠረቷትን ደብረ ታቦርን፥ ከበላይዋም የጉናን ተራራ የሚያውቅ ሰው፥ ይህ ደጋ የእህል አገር ብቻ ያይደለ የትምህርትም አገር መሆኑን ያውቃል። የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር፥ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር መሆናቸው በሊቃውንት ዘንድ የተመሰገነ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ተማሪው ድጓውን በቃሉ ብቻ አያጠናም፤ ብራናውን ዳምጦ፥ መቃውን ቀርጾ፥ ፊደሉን ጽፎ፥ ከፊደሉም በላይ የዜማውን ምልክት አስፍሮ መጽሐፉን በገዛ እጁ ያወጣዋል። በገዛ እጁ የሚጽፍ ሁሉ መሳሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህም ስሕተትን የማቃኛው ሥራ ራሱን የቻለ ትምህርትና የራሱ ቃላት ነበሩት።

ከእነዚህ ቃላት የመጀመሪያው ማረም ነው። ገበሬው ከጤፉ መካከል ባዕድ ሣር ሲነቅል አረመ እንደሚባል፥ መምህሩም ከተማሪው ጽሑፍ ስሕተቱን ሲያወጣ አረመ ይባላል። በሁለቱም ዘንድ የሥራው ዓላማ እህሉን ማዳን ነው። ከመስመር የተዘለለ ቃል ከመስመሩ በላይ በቀጭን ፊደል ይገባል፤ የተዘለለው ብዙ የሆነ እንደ ሆነ በኅዳጉ ላይ ተጽፎ ቦታው በምልክት ይመለከታል። የታረመ መጽሐፍ እርማቱ ስለ ታየ አይናቅም፤ እንዲያውም መምህር እንዳየው ምስክር ይሆነዋል።

ሁለተኛው መሠረዝ ነው። ጸሐፊው አንድን ቃል ሁለት ጊዜ ደግሞ የጻፈ እንደ ሆነ፥ ከቃሉ በላይና በታች ጭረት ያደርግበታል። አንባቢውም ያንን ጭረት አይቶ ቃሉን ሳያነብ ያልፋል፤ ቢሻ ግን ከጭረቱ መካከል የተጻፈው ምን እንደ ነበረ ለማየት የሚከለክለው የለም። ከዚሁ ሥር የወጣው ሠረዝ በሥርዓተ ነጥባችንም ነጠላ ሠረዝና ድርብ ሠረዝ ተብሎ ነገርን ከነገር ይለያል። እንግዲህ ስርዝ ማለት በአደባባይ የተደረገ መሻር ነው፤ የሻረውም እጅ ከነሥራው ይታያል።

ሦስተኛው መፋቅ ነው። የአገራችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከቆዳው ላይ ተኝቶ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ በስል ካራ በቀስታ የፋቁት እንደ ሆነ ይነሣል፤ በተፋቀውም ስፍራ ሌላ ቃል ሊጻፍበት ይቻላል። ጸሐፊ የገዛ ስሕተቱን ቀለሙ ሳይደርቅ ቢፍቅ ነውር የለበትም። ሌላ ሰው የጻፈውን፥ የታመነበትን፥ ምስክር የተጠራበትን ቃል መፋቅ ግን ሌላ ነገር ነው። አራተኛው ቃል መደለዝም የዚሁ የመፋቅ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቀለሙን በቀለም አጨማልቆ እንዳይነበብ ማድረግ ነውና።

አባቶቻችን በመፋቅ ላይ የነበራቸው ፍርድ ምን እንደ ነበረ ማወቅ የሚሻ ሰው፥ በየአድባራቱ ካሉት የብራና መጻሕፍት የመጨረሻውን ወይም የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ይመልከት። መጽሐፉን የሰጠው ሰው ስም፥ የተሰጠበት ደብር ስም ከተነገረ በኋላ የግዝት ቃል ይከተላል። በዚያም ግዝት ውስጥ «ዘሰረቆ» እና «ወዘፈሐቆ» የሚሉት ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ሆነው በብዙ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የሰረቀውና የፋቀው ማለት ነው። ሌባውና ፋቂው በአንድ ግዝት፥ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ተወግዘዋል። ይህ የሆነው በከንቱ አይደለም። ሌባ መጽሐፉን ከደብሩ ይወስዳል፤ ፋቂው ግን መጽሐፉን በቦታው ትቶ ደብሩን ከመጽሐፉ ይወስዳል።

እንዲህ ያለ ግዝት ያስፈለገው ነገሩ የቀለም ጉዳይ ብቻ ስላልነበረ ነው። በጎንደር ዘመንም ከዚያም ወዲህ የጉልትና የርስት ውል፥ የሽያጭና የውርስ ስምምነት በወንጌል ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። ከቤተ መቅደስ የማይወጣ፥ እሳትና ምስጥም እንዳይደርስበት የሚጠበቅ መዝገብ ቤት ይኸው ነበረ። እንግዲህ በዚያ ገጽ ላይ አንድ ስም መፋቅ ማለት አንድን ቤተ ሰብ ከእርሻው መንቀል ማለት ነበረ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በልጅነቱ በደብረ ታቦር አውራጃ በአንድ የገጠር ደብር ሲማር ያየውን ያስታውሳል። ሽማግሌዎች ስለ አንድ መሬት ነገር ተሰብስበው መጽሐፉ ወጣ። የሚፈለገው መስመር ላይ ሲደርሱ ስሙ ተፍቆ በቦታው ሌላ ስም ተተክቶ ተገኘ። ያን ጊዜ መሪጌታው ምንም ሳይናገሩ ቅጠሉን ለይተው ወደ ፀሐይ አነሡት። ካራ ያለፈበት ቆዳ ከሌላው ይልቅ ስስ ስለሚሆን ብርሃን በዚያ ስፍራ አብልጦ ያልፋል፤ የቀድሞው መቃ የጫረውም ፈለግ በዚያ ብርሃን ውስጥ እንደ ጥላ ሆኖ ታየ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ አዩና ነገሩ በዚያው ተቈረጠ። ብራና ሲፋቅ ጠባሳው ይቀራል፤ ጠባሳውም ይናገራል። በዛሬው ዘመን ደግሞ የብራና ጥናት ሊቃውንት ለዐይን በማይታይ የብርሃን ዓይነት ፎቶግራፍ እያነሡ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተፋቀውን ለማንበብ ችለዋል፤ ይኸውም የመሪጌታችን ዘዴ በመሣሪያ ረቅቆ መምጣቱ ነው።

ቃልን ከመጽሐፍ ለማጥፋት የተነሣ ሥልጣን በቅዱስ መጽሐፍም ተጽፎ ይገኛል። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36 እንደ ተነገረው፥ ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ የጻፈውን ክርታስ በንጉሡ በኢዮአቄም ፊት ሲያነቡለት፥ ንጉሡ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቍጥር በጸሐፊ ካራ እየቀደደ ከፊቱ በሚነድደው እሳት ጨመረው። ልብ በሉ፤ ጽሑፉን ያጠፋበት ካራ ጸሐፊው ብርዑን የሚቀርጽበት ያው ካራ ነው። ነገር ግን ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ወስዶ ለባሮክ ሰጠው፤ የተቃጠለው ቃል ሁሉ እንደ ገና ተጻፈ፤ እርሱንም የሚመስል ብዙ ቃል ተጨመረበት። ካራውና እሳቱ ያተረፉት ነገር ቢኖር መጽሐፉን ማርዘም ብቻ ነበር።

በደብረ ታቦርም ምድር የዚህ አምሳያ ታሪክ አልታጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማቸውን በዚያ አድርገው፥ ከአጠገቧም በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞች መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙበት ዘመን፥ ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ ስለ ንጉሡና ስለ እናታቸው ትውልድ ክብራቸውን የሚነካ ነገር በመጽሐፉ ጽፎ በለንደን አሳትሞ ነበር። በ1856 ዓ. ም. የእርሱና የባልደረባው የሮዘንታል ወረቀቶች ተይዘው፥ ተተርጕመው በጎንደር በጉባኤ ፊት ተነበቡ፤ ሁለቱም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ንጉሡ ስለ እናታቸው ክብር መቈጣታቸውን ልጅ የሆነ ሁሉ ይረዳዋል። ነገር ግን ጸሐፊው ቢታሰርም ቃሉ በታተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ። ይልቁንም በጸሐፊው ላይ የወረደው ቅጣት ያንን ቃል ማንም እንዳይረሳው አድርጎታል።

ደግሞም ንጉሡ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት፥ በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ በሄዱ ጊዜ በዚያ ነበሯቸው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ መጻሕፍቱን በመዘበረ ጊዜ፥ ወደ 350 የሚደርሱት ወደ ለንደን ተወስደው በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ከአገራቸው የወጡ መጻሕፍት ይመለሱ ዘንድ በሚጠየቅበት በዚህ ዘመን፥ በአንድ መጽሐፍ ላይ የደብሩ ስም ሳይፋቅ መኖሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስሙ የተነበበለት መጽሐፍ አገሩን ይመሰክራል፤ ስሙ የተፋቀበት ግን ዘመድ እንደ ሌለው እንግዳ ዝም ብሎ ይቆማል።

ብራናው በማተሚያ መኪና ከተተካ ወዲህ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ማተሚያ ቤት በገባው ጽሑፍ ላይ የመርማሪው እርሳስ የሚያልፈው ከመታተሙ አስቀድሞ ስለ ሆነ፥ የወጣው ቃል ከወጣ በኋላ መስመሩ ተጠግቶ ይለቀማል፤ አንባቢውም አንዳች የጐደለ ነገር ስለ መኖሩ ምልክት አያይም። ይህ ጠባሳ የሌለው ፍቀት ነው። በዚህ ሥርዓት በንጉሠ ነገሥቱም ዘመን በደርግም ዘመን ብዙ ጽሑፍ ተፍቋል፤ ከወጣም በኋላ የታገደ አለ። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ. ም. ታትሞ ታገደ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ. ም. ወጥቶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በሚከተለው ዓመት በየካቲት ወር ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፎቹ ግን ሁለቱም ዛሬ ይነበባሉ። እነሆ የባሮክ ክርታስ ነገር ተደገመ፤ ልዩነቱ ጸሐፊው አለመመለሱ ነው፤ ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም።

በ1985 ዓ. ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ይህን የቅድሚያ ምርመራ አስቀረ፤ በ1987 ዓ. ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 በማንኛውም መልኩ ከለከለው። ሕጉ ይኸው ነው። ሆኖም ከደጅ ይቀመጥ የነበረው መርማሪ ከተነሣ በኋላ፥ ወንበሩ በአዘጋጁ ልብ ውስጥ ተዘርግቶ እንዳይቀር መጠንቀቅ የእኛ የአዘጋጆች ፈንታ ነው። ጽሑፍን ለማሳጠር ያወጣነው ዐረፍተ ነገርና ፈርተን ያወጣነው ዐረፍተ ነገር በታተመው ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ ማረምና መፋቅን የሚለየው በዚያ ሰዓት የኅሊና ምስክርነት ብቻ ነው።

እንግዲህ ማናቸውም ቃል ከማንም እንዳይሰወር ይሁን ማለታችን ነውን? አይደለም። የታመመ ሰው የሐኪም ካርድ፥ የተደፈረች ልጅ ስም፥ በወንጀል ነገር የመሰከረ ሰው መኖሪያ፥ የአገር መከላከያ ምስጢር በአደባባይ ይነበብ የሚል አስተዋይ አይገኝም። በ2000 ዓ. ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590፥ ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለውን መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፥ የግል ሰውን ምስጢርና የአገርን ደኅንነት የመሳሰሉትን ለይቶ መጠበቁ ስለዚህ ነው። መረጃውን የተከለከለ ሰውም የሚያመለክትበት መንገድ አለው፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ይህን ሥራ እንዲከታተል አደራ ተሰጥቶታል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ወረቀት ሦስት አራት ቃሉ ሊሸፈን የሚገባው ሆኖ የቀረው ለጠያቂው ሊሰጥ የሚገባው ሊሆን እንደሚችል ነው። ለዚህ ሥራ ነው እንግዲህ የተለየ ስም የሚያስፈልገው።

እኛ የምናቀርበው ስም «ክዱን» የሚለው ነው። ከደነ በግእዝም በአማርኛም ሸፈነ ማለት ነው፤ የቤት ክዳን፥ የድስት ክዳን ከዚሁ ይወጣሉ። ክዳን ያለው ድስት ውስጡ ወጥ እንዳለ ይታወቃል፤ ክዳኑም ሊነሣ ይችላል፤ የከደነችውም ሴት ለምን እንደ ከደነችው ብትጠየቅ መልስ አላት። ክዱን ሰነድ ስንልም እንዲሁ፥ ቃሉ ከሥሩ ያለ፥ መሸፈኑ የሚታይ፥ የሸፈነውም የሚታወቅ ሰነድ ማለታችን ነው። የተፋቀ ሰነድ ግን ከሥሩ ምንም የለውም። በቅኔያችን ወርቁ በሰሙ መከደኑ ነውር ሳይሆን ጥበብ የተባለው፥ የሚፈታው ሰው ወርቁን ስለሚያገኘው ነው፤ ወርቅ የሌለው ሰም ግን ባዶ ክዳን ነው።

ክዱን ሰነድ ክዱን ለመባል ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባዋል። አንደኛ፥ የተሸፈነው ስፍራ በግልጥ ይታይ፤ መስመሩ ተጠግቶ ያልጐደለ አይምሰል። ሁለተኛ፥ የሸፈነው ሹምና የተሸፈነበት ምክንያት ይጻፍ። በ2011 ዓ. ም. በአሜሪካ የመርማሪው የሮበርት ሙለር ዘገባ ለሕዝብ በወጣ ጊዜ፥ ከ400 ገጽ በላይ በሆነው በዚያ ጽሑፍ ብዙ መስመር በጥቁር ተከድኖ ነበር፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ከአራት ምክንያቶች የትኛው እንደ ሆነ ተጽፎበት ስለ ነበረ፥ አንባቢው ያላየውን ቃል ባያውቅም ለምን እንዳላየው አውቆ ሊከራከር ችሏል። ሦስተኛ፥ ያልተከደነው ዋናው ሰነድ ሳይነካ በታመነ ስፍራ ይቀመጥ፤ ዳኛ ባዘዘ ጊዜ ክዳኑ ይነሣ ዘንድ።

ሥራውም በጥንቃቄ ይሁን። በዚያው ዓመት በዚያው አገር፥ የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት የኮምፒዩተር ጽሑፍ ላይ ሊሰውሩት የፈለጉትን በጥቁር ሸፍነው ነበር፤ ሆኖም ከጥቁሩ በታች ፊደሉ እንዳለ ስለ ነበረ፥ ሰዎች ያንን ስፍራ ገልብጠው ወደ ሌላ ገጽ ቢያሳርፉት ሁሉ ተነበበ። የሰውን ምስጢር አደራ የተቀበለ ሹም ክዳኑ ቀዳዳ እንዳይኖረው ማረጋገጥ አለበት፤ በንዝህላልነት የተገለጠ ምስጢር ተበዳዩን እንደ ገና ይበድለዋልና።

አንባቢያችን ይህ ሁሉ ስለ ታላላቅ መንግሥታት ወረቀት እንጂ ስለ እኛ ቀበሌ መዝገብ አይደለም እንዳይል፥ አንድ ነገር ጨምረን እንናገር። በደብረ ታቦር አካባቢ የሚኖሩ አንዲት የሥጋ ዘመዳችን የሆኑ ባልቴት ባላቸው ካረፉ በኋላ ስለ እርሻ ይዞታ ክርክር ገጠማቸው። ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገቡን ፎቶ ኮፒ ሰጧቸው፤ በወረቀቱም ላይ የባልየው ስም ብቻ ነበረ፤ የሚስት ስም በሚጻፍበት ስፍራ ነጭ ባዶ ሆኖ ይታያል። እኒያ እናት ፊደል ያልቈጠሩ ናቸው፤ ነገር ግን አባታቸው ሲያደርጉ ያዩትን አስታውሰው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሡት። ፀሐይ ግን በፎቶ ኮፒ ውስጥ የምታሳየው ነገር የላትም። ያን ጊዜ «ልጄ፥ ይህ ወረቀት ጠባሳ የለውም፤ ጠባሳ የሌለውን ቍስል ይዤ ብሄድ ማን ያምነኛል?» አሉን።

ብዙ ከተመላለሱ በኋላ ዋናው መዝገብ ይቅረብ ተባለ። ዋናው ሲቀርብ በዚያ ስፍራ ላይ ነጭ ማጥፊያ ቀለም ፈስሶበት ተገኘ። ቅጠሉ ተገልብጦ በመስኮት ብርሃን ሲታይ ከቀለሙ በስተ ኋላ የእሳቸው ስም ከነአባታቸው ስም ተነበበ። ማን እንዳፈሰሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ከጎኑ ፊርማ የለበትምና። ዋናው መዝገብ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ግን፥ የተፈጸመው በደል መፈጸሙም ሳይታወቅ በቀረ ነበር። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሰነድን ወደ ሐሰት የሚለውጠውን የሚቀጣው በከንቱ አይደለም፤ ግዝቱ በሕግ አንቀጽ ተተካ እንጂ ፍርዱ ያው የአባቶቻችን ፍርድ ነው።

በጨረታ ማስታወቂያና በውል ወረቀት «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናነባለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስርዝና ድልዝን አንድ አድርጎ ስለሚያስፈራራ፥ የተሳሳተው ጸሐፊ ስሕተቱን በግልጥ ሠርዞ ከመፈረም ይልቅ ማንም በማያይበት ሁኔታ ማጥፋትን እንዲመርጥ ያደርገዋል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የያዙ ወገኖቻችንን የምናሳስባቸው ይህን ነው። የተሳሳታችሁትን በአንድ መስመር ሠርዙት፤ ቃሉ ከሥሩ ይነበብ፤ ከጎኑ ስማችሁንና ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙበት። ምስጢር የሆነውን ክደኑት፤ መክደናችሁንና ምክንያታችሁን አስታውቁ፤ ዋናውንም ጠብቁ። ነጩን ማጥፊያ ግን ከመዝገብ ጠረጴዛ ላይ አንሡት።

በዳዊት መዝሙር በ50ኛው ንጉሡ ኃጢአቱ ይደመሰስለት ዘንድ ፈጣሪውን እንደ ለመነ እናውቃለን። የሰውን በደል ጨርሶ መደምሰስ የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው፤ እርሱም የሚደመስሰው ይቅር ሊል ነው። ሰው የሰውን ስም ከመዝገብ የደመሰሰ እንደ ሆነ ግን ራሱን ከተጠያቂነት ሊያድን ነው። ቃላችንን ለየብቻ ብናውቀው ሥራችንም ለየብቻው ይታወቃል፤ አራሚው ይመሰገናል፥ ሠራዡ ይታመናል፥ ከዳኙ ይጠየቃል፥ ፋቂውም ይገለጣል። እኒያ እናት ዛሬ እርሻቸውን ይዘው አሉ፤ መዝገቡም ጠባሳው እንዳለበት ተቀምጧል፤ ማንም ደግሞ እንዳይፍቀው።